ከካሴት ክር ወደ ፋይል፦ የድሮውን ዘፈን ሳያጎድሉ ማውጣት

በቢክ እስክሪብቶ ካሴት ያጠነጠነ ሰው ያውቀዋል፤ የእስክሪብቶው ስድስት ማዕዘን የካሴቱን ጥርሶች ልክ ገጥሞ ይይዛል። ባትሪ ለመቆጠብ የተለመደው ያ ዘዴ ዛሬም ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጥ ሰው የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ለዓመታት ያልተነካ ክር መጀመሪያ በእጅ እንጂ በሞተር መጠንጠን የለበትም።

የሰባዎቹንና የሰማንያዎቹን ዘፈን (በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው) ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ቀላል ሆኗል። የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ያ የምናውቀው ዘፈን አይደለም። ዘፋኙ አፍንጫውን ይዞ የሚዘፍን ይመስላል፣ የድራሙ ጸናጽል የለም፣ ቤዝ ጊታሩ ብርድ ልብስ ለብሷል፣ መጨረሻ ላይ ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል ይቆረጣል። ሰው ይህን ሲሰማ «የድሮ ቀረጻ እኮ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛው ጥፋት የተፈጠረው ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን ካሴቱ ወደ ፋይል በተገለበጠባት በዚያች አንድ ሰዓት ነው፤ ሄዱ (ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ሳይጸዳ፣ ዝንባሌው ሳይስተካከል፣ በላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ በኩል።

ነገሩ የሚያሳስበው ካሴት ለኛ ሙዚቃ ተራ ማባዣ ስላልነበረ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ዘፈን የሚወጣው በሸክላ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ሸክላው ከገበያ ወጥቶ ቦታው ሁሉ የካሴት ሆነ። ሮሃ፣ ዋልያስ፣ ዳህላክ፣ ኢትዮ ስታር ያጀቧቸው፣ እነኤፍሬም ታምሩ፣ እነነዋይ ደበበ፣ እነሐመልማል አባተ ሕዝብ ጆሮ የገቡባቸው ሥራዎች ከሙዚቃ ቤት የወጡት በክር ነው፤ በሸክላም በሲዲም ዳግም ያልታተሙ ብዙ ናቸው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው ያወጣው የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ሥራ ከ28 ዓመት በኋላ ለዓለም ገበያ እንደገና የታተመው አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቱን ገዝቶ በመስማቱ ነው። እናታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ካርቶንም እንዲህ ያለ ነገር ሊይዝ ይችላል።

መጀመሪያ የያዛችሁት ምን ዓይነት ካሴት እንደሆነ ለዩ። ከሙዚቃ ቤት የወጣ ኦሪጅናል ከሆነ ጽሑፉ በቀጥታ በፕላስቲኩ ላይ ወይም በታተመ ወረቀት ላይ ይሆናል፤ ሽፋኑም የማተሚያ ቤት ቀለም አለው። የተቀዳ ከሆነ ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ ነው ወይም ባዶ ቲዲኬ፣ ሶኒ፣ ማክስል ላይ በእጅ የተጻፈ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ ከቀጭኑ ድምፅ ላይ ይቆርጣል፣ ሹሽታም ይጨምራል። አንድ አልበም በሁለት ካሴት ካላችሁ ሁለቱንም ለአንድ ደቂቃ ገልብጣችሁ በስፔክትሮግራም (ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ዘርግቶ በሚያሳይ ሥዕል) አስተያዩ፤ ከላይ በኩል ከፍ ብሎ የሚሄደው ለምንጩ የቀረበው ነው። ጥሩ ተራ ካሴት 12 ሺህ ኸርዝን ሲያልፍ የቅጂ ቅጂ ብዙውን ጊዜ 8 ሺህ አካባቢ ላይ ይሞታል። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ላይ በአንድ ገጽ አንድ አልበም፣ በሌላው ሌላ የተቀዳበት ሲያጋጥም የመጨረሻው ዘፈን ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። ገጹ 45 ደቂቃ ነው፤ አልበሙ 47 ከሆነ ያቺ የመጨረሻ ዘፈን ተቆርጣ ቀርታለች። ብዙዎቻችን እስካሁን መጨረሻቸውን ሳንሰማ የምንወዳቸው ዘፈኖች ያሉን ለዚህ ነው።

ካሴቱን ማጫወቻ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። ክሩ የሚታይበት ጠርዝ ወደ ታች ሆኖ አንደኛው ገጽ ወደናንተ ሲያይ፣ ከላይ በስተግራ ያለው ቀዳዳ ያንን ገጽ ከመጥፋት የሚጠብቀው ነው። ኦሪጅናል ካሴት ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይመጣል። እኛ አገር ግን በኦሪጅናሉ ላይ ሌላ ነገር ለመቅዳት ቀዳዳው ውስጥ ወረቀት መወተፍ ወይም በላዩ ፕላስተር መለጠፍ የተለመደ ነበር። ያንን ወረቀት አውጡት፣ ፕላስተሩን ላጡት። ባዶ ካሴት ላይ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ጥርሶቹን ስበሯቸው። አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ሁለት ሴኮንድ ቢነካ እንኳ የጠፋው አይመለስም።

ከዚያ በመስኮቱ በኩል ክሩን በብርሃን አስተውሉ። የጥቅሉ ጎን ለጥ ያለ መሆን አለበት። ነጭ ዱቄት ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ አታጫውቱት። ሻጋታው ወደ ሄዱ፣ ከሄዱም ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል። ለብቻው አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ ላይ አቆዩት፤ በኋላ ማስክ አድርጋችሁ ውጭ አየር ላይ፣ ክሩን በእጅ ቀስ እያላችሁ እያጠነጠናችሁ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ክሩ እርስ በርሱ ከተጣበቀ አትጎትቱ፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ከክሩ ጀርባ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ እዩ። ከቀጭን የመዳብ ምላስ ላይ ተለጥፋ ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው እሷ ናት። ሙጫዋ ደርቆ ትወድቃለች፤ ስትወድቅ ድምፁ አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይሰምጣል፣ በተለይ በአንድ በኩል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ካሴቱ ሞቷል ብሎ ይጥላል። ከሌላ የማይፈለግ ካሴት ምላሷን ከነስፖንጇ አውጥቶ መተካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ካሴቱ በአምስት ብሎን የታሰረ ከሆነ መክፈት ቀላል ነው። ማግኔት የሌለው ትንሽ ካቻቢቴ ያዙ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኙት፣ የላይኛውን ክዳን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፣ ምንም ሳትነኩ በስልክ ፎቶ አንሱ። የክሩን መንገድ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች፣ ከላይና ከታች ያሉትን ለስላሳ ሽፋኖች ፎቶው ያስታውሳችኋል። ብሎን የሌለው፣ በሙቀት የተጣበቀ ከሆነ ክዳኑን በመጋጠሚያው ላይ በቢላ ፈልቅቃችሁ ክሩን ወደ ሌላ ባለብሎን ካሴት ታዛውራላችሁ፤ አሮጌው ቤት ይሠዋል፣ ፎቶውን ግን አስቀድሙ። ሲጫወት እንደ በር ማጠፊያ የሚጮህ፣ ወይም ሞተሩ እየታገለ የሚያዞረው ካሴትም መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ይኸው የቤት ለውጥ ነው።

የተበጠሰ ክር ሲገጥማችሁ ተራ ፕላስተር አትጠቀሙ። ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና ወደ ጎን ይወጣል፤ ቀጣዩን የክር ዙር ይይዝና ሌላ ቦታ ያስበጥሳል። ለካሴት ክር ተብሎ የተሠራ ቀጭን ማጣበቂያ አለ፤ የክሩ ስፋት 3.81 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለትልቁ ሪል የሚሸጠው ሰፊ ነው፣ ግዙ ስትባሉ ተጠንቀቁ። ሁለቱን ጫፎች በአዲስ ምላጭ አንድ ላይ ቁረጡ፣ ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ አጋጥሙ፣ ማጣበቂያውን በጀርባው አድርጉ። ጀርባ ማለት ወደ ጥቅሉ መሃል የሚያየው ፊት ነው፤ ወደ ውጭ የሚያየው ድምፁ ያለበት ነው፣ በጣትም አይነካም። ማጫወቻ በልቶት የተጨማደደ ክር በእጅ ቀስ ብሎ ይጠነጠናል እንጂ አይተኮስም። ያቺ ቦታ ላይ ድምፁ ለአፍታ ይደበዝዛል፤ ይደብዝዝ።

አሁን ወደ ማጫወቻው። አዳዲሶቹ ርካሽ «ካሴት ወደ ዩኤስቢ» የሚሏቸው ዎክማን መሰል ነገሮች ከነጭራሹ አይሆኑም፤ ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፣ የድምፅ መጠናቸው ከውጭ አይስተካከልም። የሚፈለገው ከስፒከር ጋር ያልተጣበቀ፣ ከኋላው ቀይና ነጭ የመስመር መውጫ ያለው ያገለገለ ዴክ ነው። በሁለት አቅጣጫ የሚጫወተውን አውቶ ሪቨርስ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሄዱ ስለሚገለባበጥ ዝንባሌው በአንዱ አቅጣጫ ቢስተካከል በሌላው ይሳሳታል። አሮጌ ዴክ ሲገዛ ከሁሉ በፊት የሚያረጀው ቺንጋው ነው። ቺንጋው ሲላላ ዘፈኑ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፣ እሱን በአልኮል ጠርጎ አዲስ መግጠም ነው። ከአዲስ አበባ ዴክ ይዛችሁ ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ 220 ቮልት የሚለውን ከኋላ አንብቡ፤ እዚያ ያለው 120 ነው፣ መቀየሪያ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ሄዱን በጆሮ ማጽጃ ጥጥና ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ መውጣቱን እስኪተው ድረስ። ከጎማው ጋር ክሩን የምትስበዋን የብረት ዘንግም እንዲሁ። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለው ከእሱ በቀር ሌላ ከሌለ ተጠቅማችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አድርቁ። ሽቶ አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል። (በአረቄ የሚያጸዳ ሰውም አለ፤ አረቄውን ለሌላ ጉዳይ ያስቀምጠው።) ጎማውን ግን አልኮል ያደርቀዋል፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በነካ እርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ በደንብ አድርቁት። ያረጀ ክር ዱቄቱን ስለሚያራግፍ ማጽዳቱ በየካሴቱ ቢሆን አይበዛም።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ሠርታችሁ የሚከተለውን ከዘለላችሁ ውጤቱ አሁንም ብርድ ልብስ የለበሰ ነው።

ሄዱ ላይ ድምፁን የምታነብ በጣም ጠባብ ስንጥቅ አለች። ስንጥቋ ከክሩ ጋር ልክ ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለባት፤ በትክክል ለመናገር፣ ያ ካሴት ሲቀዳ የቀጂው ማሽን ሄድ ከነበረው ዝንባሌ ጋር መመሳሰል አለባት። ሙዚቃ ቤቶች ካሴት ያባዙ የነበሩት በብዙ ማሽን ነው፤ የእያንዳንዱ ማሽን ሄድ በትንሹ ያጋደለ ነበር። ስለዚህ የአንድ ሙዚቃ ቤት ሁለት ካሴቶች እንኳ ሁለት የተለያየ ዝንባሌ ሊኖራቸው ይችላል። ትንሽ ስታጋድል ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ጸናጽሉ፣ የክራሩ ጥፍር፣ የዘፋኙ «ስ» እና «ሽ»። ወፍራሙ ድምፅ ምንም ስለማይሆን ሰው ችግሩን አያውቀውም፣ ካሴቱ ያረጀ ይመስለዋል።

ማስተካከያው ከሄዱ ጎን ያለች ትንሽ ብሎን ናት፤ ብዙውን ጊዜ ከሥሯ ስፕሪንግ ያለባት ናት። የዴኩን በር ክዳን ስታወልቁ ትታያለች፤ ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ ይደረስባታል። መጀመሪያ አሁን ያለችበትን ቦታ በጠቋሚ ቀለም ምልክት አድርጉ። ከዚያ ግራና ቀኙን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅላችሁ በሞኖ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ሞኖ ማድረግ ዋናው ዘዴ ነው። ዝንባሌው ሲሳሳት ሁለቱ ትራኮች በጥቂቱ ይቀዳደሙና ሲደመሩ ቀጭኑን ድምፅ ያጠፋፋሉ፤ ሲስተካከል ደግሞ ድምፁ በድንገት እንደ መጋረጃ ይከፈታል። ብሎኗን በትንሽ በትንሹ ወደ አንድ በኩል፣ ከዚያ ወደ ሌላው አዙሩ፤ ከሩብ ዙር በላይ የሚያስፈልግበት ጊዜ እምብዛም የለም። በጣም የሚያበራበትን ነጥብ ካለፋችሁ በኋላ ተመልሳችሁ እሱ ላይ አቁሙ። ለዚህ ድራም የሚሰማበት ፈጣን ዘፈን ምረጡ፤ ቀስ ያለ ትዝታ ላይ ለማወቅ ይከብዳል። ሌላውን ገጽ ስትገለብጡ እንደገና አድርጉት፣ ዝንባሌው ይለያል። ስትጨርሱ ብሎኗን ወደ ምልክቱ መልሱ። ከሥራው ሁሉ ጆሮን የሚክስ ይህ ነው፤ ጠፍቷል ያላችሁት የሮሃ ድራም ከክሩ ውስጥ ሲወጣ ትሰማላችሁ።

ዶልቢ (ሹሽታ መቀነሻ) የሚለው ቁልፍ በሽፋኑ ላይ የዶልቢ ምልክት ከሌለ ይጥፋ። ሹሽታው ስለሚቀንስ ብቻ ማብራት ቀጭኑን ድምፅ መቅበር ነው።

ቀጥሎ ፍጥነት። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። 6 በመቶ ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ ዘፈኑ በሙዚቃ አንድ ሰሚቶን (በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ) ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ 3 በመቶ እንኳ የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ ለሚያውቅ ጆሮ ይቆረቁራል። ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ በመጀመሪያ የዴኩን መዛባት መለየት ይገባል፤ 3,000 ወይም 3,150 ኸርዝ ድምፅ የተቀዳበት የሙከራ ካሴት ይሸጣል፣ በእሱ የዴኩን የፍጥነት ብሎን ታስተካክላላችሁ። ይህ የዴኩ ነው። ካሴቱ ራሱ ሲቀዳ የተሳሳተ ፍጥነት ካለው ግን ሌላ ፍንጭ ይፈለጋል፣ ሁለት አሉ።

አንደኛው ኪቦርዱ ነው። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ አጃቢ የነበሩት ኦርጋንና ሲንተሳይዘሮች በአብዛኛው 440 ኸርዝ ላይ ተስተካክለው የሚመጡ ናቸው። በስልክ ያለ የጊታር መቃኛ ከፍታችሁ ኪቦርዱ ረዥም ድምፅ ይዞ የሚቆይበትን ቦታ ለኩ። በአንድ ገጽ ያሉ ዘፈኖች ሁሉ በተመሳሳይ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ ፍጥነቱ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን አትንኩት፤ ተጫዋቹ መቃኛውን አዙሮት ይሆናል። በክራር ወይም በማሲንቆ ብቻ የተሠራ ዘፈን በዚህ አይለካም፣ ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ መብራቱ ነው። የአዲስ አበባ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ቀረጻው ውስጥ ሳይታወቅ «እምም» የሚል ድምፅ ይቀራል፤ 50፣ 100፣ 150 ላይ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ውስጥ በዘፈኖች መካከል ያለችውን ጸጥታ መርጣችሁ፣ አናላይዝ ከሚለው ውስጥ ፕሎት ስፔክትረምን በትልቁ መጠን ክፈቱ። 100 መሆን ያለበት 104 ላይ ከታየ ክሩ በ4 በመቶ ፈጥኗል። ያ ድምፅ ከራሳችሁ ገመድ አለመምጣቱን ለማወቅ ካሴቱን አቁማችሁ መቅዳቱን ቀጥሉ፤ አሁንም ካለ የናንተው ነው። ይህ ሥራ አሜሪካ ላለ ሰው እንዲያውም ይቀላል፤ የእሱ ቤት መብራት 60 ስለሆነ ከ50 ጋር አይምታታም። በተቀዳ ካሴት ላይ ሁለት «እምም» ልታገኙ ትችላላችሁ፣ አንዱ የስቱዲዮው፣ አንዱ የቀጂው ማሽን። በዚህ መለኪያ ከአንድ በመቶ ያነሰ ልዩነት አይታመንም፤ የኪቦርዱና የመብራቱ ፍንጭ ሲስማሙ ነው ማረም። እርማቱም ፍጥነትና ቃናን አብሮ በሚለውጠው ይሠራል፤ ቴምፖ ብቻ የሚለውጠው ድምፁን ያቆሳስለዋል።

የገመዱ ነገር አጭር ነው። ከዴኩ የመስመር መውጫ ወደ አንድ የዩኤስቢ ድምፅ መቀበያ የመስመር መግቢያ። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሞኖ ነው፣ ለማይክ ደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነም የዴክን ድምፅ ያፈነዳዋል። ዊንዶውስ በራሱ የሚያበራውን የድምፅ ማሳመሪያና መጠኑን እየተከታተለ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ሁሉ አጥፉ፤ ካለበለዚያ በዘፈን መካከል ያለው ጸጥታ ሲመጣ ሹሽታው እንደ ማዕበል ይነሣል። መጠኑን የካሴቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ አስተካክሉ፤ ጫፉ ከ0 በታች በ6 ዴሲቤል ይቁም። 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ይበቃል። በዚህ መጠን አንድ ደቂቃ ወደ 17 ሜጋባይት፣ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ወደ 1 ጊጋባይት ይይዛል፤ ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ሲቀየር ምንም ሳይጎድል ግማሽ ያህል ይሆናል። ኤምፒ3 ለቴሌግራም ይሁን፤ ለማስቀመጫ አይሁን።

አንዱን ገጽ አንድ ፋይል አድርጋችሁ ቅዱ፤ ዘፈን ለዘፈን እያቆማችሁ አይደለም። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተልና በመካከላቸው ያለው ጸጥታ የአልበሙ አካል ነው። ካሴት የሰማ ሰው አንዱ ዘፈን ሲያልቅ የሚቀጥለው የሚጀምርበትን ቃና አስቀድሞ በጆሮው ይሰማዋል፤ የዛሬው በዘፈቀደ የሚመርጥ ማጫወቻ የገደለው ይህንን ነው። አሜሪካ የወጣው ካሴትና አዲስ አበባ የወጣው አንዳንዴ ቅደም ተከተላቸው ስለሚለያይ ሁለቱም ካላችሁ ሁለቱንም ያዙ።

ጥሬውን ፋይል አታሳምሩት። ሹሽታ ማጥፊያ ሲበዛ ድምፁ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ከሹሽታው ጋር የማሲንቆው ጭራ ፍትጊያና የሳክስፎኑ ትንፋሽ አብረው ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ለፕሮግራሙ ሹሽታ ናቸውና። ለማዳመጫ ቅጂ ከፈለጋችሁ ከ6 ዴሲቤል አትለፉ፤ ናሙናውንም ከካሴቱ መጀመሪያ ካለው ባዶ ፕላስቲክ ሳይሆን በዘፈኖች መካከል ካለው ክር ውሰዱ፣ ፕላስቲኩ ላይ የክር ሹሽታ የለም። አንደኛው ጎን ተጎድቶ ሌላው ደህና ከሆነና ቀረጻው ሞኖ ከሆነ ደህናውን ብቻ ወደ ሁለቱም መገልበጥ ይቻላል።

ሽፋኑን ችላ የሚል ብዙ ነው። የግጥምና ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ባንድ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ የሚለጠፈው ዜማ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ባለቤቱ በግልጽ ተጽፏል። ከውስጥም ከውጭም፣ ሁለቱንም የካሴት ገጽ፣ በቀን ብርሃን፣ ብልጭታ ሳታበሩ ፎቶ አንሱ። ዓመተ ምሕረት ላይ ጥንቃቄ፦ ሽፋን ላይ ያለው 1977 የኛ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ከወጣ እ.ኤ.አ. 1984፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 1985። ወሩ ካልታወቀ ሽፋኑ ላይ ያለውን እንዳለ «1977 ዓ.ም.» ብላችሁ ጻፉት፤ ገምታችሁ አትለውጡ። በየድረ ገጹ አንድ አልበም በሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ የተመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። የፋይሉን ስም በቁጥር ጀምሩ፤ የአማርኛ ፊደል ብቻ ያለበትን ስም አንዳንድ የመኪና ማጫወቻ አያነበውም።

ፍላሽ ማስቀመጫ አይደለም፣ ማጓጓዣ ነው። በሁለት ሃርድ ዲስክና ሌላ ቤት ባለ አንድ ቅጂ ያዙ። ለራስ መስሚያ መገልበጥና ለሕዝብ መልቀቅ የተለያዩ ናቸው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለተኛውን የባለመብቱ ያደርገዋል፣ ብዙዎቹ ዘፋኞችና ወራሾቻቸው ደግሞ በሕይወት ያሉ ናቸው። ዘፋኙን ወይም ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ካለ ንጹሑን ፋይል ለእነሱ ማድረስ ከመለጠፍ ይቀድማል፤ በእጃቸው የሌለ ጊዜ ብዙ ነው።

ካሴቱ ከተገለበጠ በኋላ አይጣልም። እስከ መጨረሻው አጫውቱትና ሳትመልሱ ሽፋኑ ውስጥ አስገቡት፤ በፍጥነት የተጠነጠነ ክር ጥቅሉ ወጣ ገባ ይሆናል። እንደ መጽሐፍ አቁሙት፣ ከስፒከር አርቁት፣ መኪና ውስጥ አትተዉት።

አልበሙ ሲያልቅም መቅዳቱን አታቁሙ፤ ክሩ እስኪቆም ይሂድ። በላዩ በተቀዳበት ካሴት መጨረሻ ላይ አዲሱ ቀረጻ ሲያልቅ የበፊቱ ይወጣል፤ የሬዲዮ ዜና፣ የሠርግ ዘፈን፣ ወይም ወደ ውጭ አገር ሊላክ የተቀዳ የአንዲት እናት ሰላምታ፣ ከመሃል ጀምሮ። እሱን ለብቻው ቆርጣችሁ፣ ቦታውንና ካሴቱን ጽፋችሁ፣ ከዘፈኖቹ ጎን አስቀምጡት።